አይዝግም ማለት አይበጠስም ማለት አይደለም

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በለጠፈው ፎቶ ሥር የጻፍኩት የአንድ መስመር ኮሜንት ይህን ያህል አቧራ ያስነሳል ብዬ አልጠበቅኩም። ያልኩት ይቺን ብቻ ነበር፤ «መኪናህ ያምራል፣ እጅህ ይባረክ፤ የፊት እግሩን ብሎኖች ግን ዛሬውኑ ቀይራቸው።» ከዚያ ወዲህ ኢንቦክሴ በጥያቄም በተረብም ተሞልቷል። «ቲቸር ዘመኑ አልፎባቸዋል» ያለ አለ። «ስቴይንለስ እኮ ነው ቲቸር፣ ምን ነካዎት?» ያለም አለ። «ቅናት ነው» ያለውን ልጅ ትቼዋለሁ፤ ሃያ ሰባት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ የዋለ ሰው በተማሪው መኪና ትንሽ ቢቀና ነውር የለውም። ስለ ብሎኑ ግን ዝም አልልም። ረጅም ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

«ሆት ሮድ ምንድነው?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ ከዚያ ልጀምር። አሜሪካኖች የ1920ዎቹንና የ1930ዎቹን (እ.ኤ.አ.) አሮጌ መኪና፣ በተለይ ፎርድ፣ ወስደው የማያስፈልገውን ሁሉ እየገነጠሉ አቅልለው፣ ኃይለኛ ሞተር ጭነውበት የሚሠሩት መኪና ነው። የተጀመረው ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። እጅ የሚያጥራቸው ወጣቶች በደረቁ የሐይቅ ሜዳዎች ላይ ፍጥነት ይወዳደሩ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱት ወታደሮች ሲጨመሩበት ትልቅ ባህል ሆነ፤ በጃንዋሪ 1948 በስሙ የተጠራ መጽሔት ሳይቀር ወጣለት። የ1932ቷ ፎርድ የዚህ ዓለም ንግሥት ናት፤ ፎርድ በርካሽ መኪና ላይ ቪ-8 ሞተር የገጠመው በዚያ ዓመት ነውና። የኛ ልጅም የሠራው እሷን ነው። ሥራውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በፎቶ ስከታተለው ነበር፤ ብየዳው ንጹሕ ነው፣ ሞተሩ ንጹሕ ነው፣ አሠራሩ ያኮራል። ነገሬ ሁሉ ከብሎኑ ጋር ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሆት ሮድ አብዛኛውን ጊዜ ፓራፋንጎ የለውም። ፓራፋንጎ ከሌለ የፊት እግሩ ራቁቱን ነው፤ አክስሉ፣ ከላዩ በአግድም የተጋደመው ባሌስትራ፣ አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚይዙት ዘንጎች፣ ሾክ አብዞርበሩ፣ የመሪው ክንድ፣ ሁሉም ሕዝብ ፊት ነው። የእኛ ቶዮታ ብሎን ጭቃ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ የሆት ሮድ ብሎን ግን እንደ ፊት ጥርስ ነው፣ ባለቤቱ በሳቀ ቁጥር ይታያል። ፈተናው እዚህ ጋ ይጀምራል። ሰውየው አክስሉን ክሮም አስነክሯል፣ ዘንጎቹን አስወልውሏል፤ ታዲያ በመሐል አንድ ቢጫ ቀለም ያለው ተራ ብሎን ሲያይ ዓይኑን ይወጋዋል። ስለዚህ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ስቴይንለስ ይገዛል፣ ራሱን ያስወለውላል፣ እንደ መስታወት ያደርገዋል፣ ይገጥመዋል፣ ፎቶ ያነሳል። ከሥሩም «ዕድሜ ልኩን የማይዝግ» ብሎ ይጽፋል። ላይክ ይዘንባል።

ላይኩ ባልከፋ። ግን በዚያው ሳምንት እዚሁ አዲስ አበባ ቮልስ የሚያድሱ ሁለት ጎበዝ ልጆች ጻፉልኝ። ፎቶውን አይተው ወደውታል። የደረጃ መደገፊያ ከሚሠራ ሱቅ ተመሳሳይ ብሎን አግኝተዋል፤ የቮልሷን የፊት አክስል በእሱ አስረው ለጥምቀት ጎንደር ድረስ ሊነዷት አስበዋል። ጎንደር ማለት እኮ ዓባይ በረሃን መውረድና መውጣት ነው! ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት፣ ፍሬን እየያዙ፣ መሪ እያዞሩ፣ ፊት ለፊት የጭነት መኪና እየመጣ። የዚያች መኪና የፊት አክስል ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ነው። አራት! አሜሪካ ያለው ልጅ ቢያንስ ቅዳሜና እሁድ ብቻ፣ በለስላሳ አስፋልት ነው የሚነዳው። ይኼን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ የሁለቱ ልጆች መልእክት ነው።

ወደ ነገሩ እንግባ። አለመዛግና መጠንከር ሁለት የተለያዩ ጠባዮች ናቸው። አንድ ብረት ስቴይንለስ የሚባለው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮምየም ሲኖረው ነው። ክሮምየሙ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ይፈጥራል፤ ሽፋኑ ቢጫር ራሱን ይጠግናል። ግሩም ነገር ነው። ሱቅ ውስጥ የምታገኙት ተራው ስቴይንለስ ብሎን ደግሞ 18 በመቶ ያህል ክሮምየምና 8 በመቶ ያህል ኒኬል ያለበት ዓይነት ነው። የወጥ ቤት ድስት የሚሠራበት ብረት ዘመድ ማለት ነው። ይኼ ብረት ግን እንደ አረብ ብረት አግለህ፣ ዘይት ውስጥ ነክረህ፣ መልሰህ አሙቀህ አታጠነክረውም። አይቀበልም። የሚጠነክረው በቀዝቃዛው ሲሳብና ሲቀጠቀጥ ብቻ ነው፤ ያም ልክ አለው። ጠንካራ የሚባሉት የመኪና ብሎኖች ጉልበታቸውን ያገኙት ግን ከእሳቱና ከዘይቱ ነው።

ቁጥር የሚወድ ቁጥር ይኸው። ብሎን ራስ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ታያላችሁ። ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ እንደደጋገምነው የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ የፊተኛው ቁጥር ሲባዛ በ100 የሚበጠስበት ነው፣ በሜጋፓስካል፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው ደግሞ የዚያ ስንት እጅ ላይ ሲደርስ ተስቦ ወደ ቦታው የማይመለስ እንደሚሆን ይነግራችኋል። ስለዚህ 10.9 በ1,000 ይበጠሳል፣ በ900 ተለጥጦ ይቀራል። 8.8 በ800 ይበጠሳል፣ በ640 ይለጠጣል። የስቴይንለሱ ራስ ላይ ደግሞ «ኤ2-70» ይላል። አንዱ ልጅ በኮሜንት ምን ብሎ ቢመልስልኝ ጥሩ ነው? «70 ከ8.8 አይበልጥም እንዴ?» ኧረ በስመ አብ! 70ው ሲባዛ በ10 ነው፤ 700 ላይ ይበጠሳል። ዋናው ቁም ነገር ግን የሚለጠጥበት ነው፤ 450 ብቻ። ከ10.9ኙ ልክ ግማሽ።

በእጅ የሚጨበጥ እናድርገው። 12 ሚሊሜትር ተራ ጥርስ ያለው ብሎን ሸክም የሚይዝበት ስፋቱ 84 ስኩዌር ሚሊሜትር ያህል ነው። ስቴይንለሱ ወደ 3.9 ቶን ሲደርስ መለጠጥ ይጀምራል። 8.8ቱ ወደ 5.5 ቶን። 10.9ኙ ወደ 7.7 ቶን። አንድ ዓይነት ውፍረት፣ አንድ ዓይነት ቀዳዳ።

አሜሪካኖቹ በኢንች ስለሚሠሩ ምልክታቸው ሌላ ነው። ራሱ ላይ ሦስት መስመር ካለ ግሬድ 5፣ ስድስት መስመር ካለ ግሬድ 8። ግሬድ 5 የሚለጠጠው በስኩዌር ኢንች 92,000 ፓውንድ ላይ ነው፣ ግሬድ 8 ደግሞ 130,000 ላይ። ከመደብር የሚገዛው ስቴይንለስ ብዙ ጊዜ «ኤፍ 593 ሲ» የሚል ምልክት ይይዛል፤ የሱ 65,000 ነው። እዚያም ግማሽ። ውቅያኖስ ቢሻገሩም ሒሳቡ አንድ ነው።

አሁን «ቲቸር፣ መኪናው ራሱ አንድ ቶን አይሞላም፣ ለአንድ ብሎን አራት ቶን አይበቃም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሙግቱም ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ እንበል።

ብሎን እንደ ሚስማር ዕቃ የሚንጠለጠልበት ነገር አይደለም። ብሎን ሞላ ነው፤ በጣም ደንዳና ሞላ። ስታጠብቁት ትንሽ ይሳባል፣ ተስቦ ለመመለስ ሲታገል ሁለቱን ብረቶች አጣብቆ ይይዛል። ሸክሙን የሚችለው በአብዛኛው ያ የተጣበቀው ፊት ለፊት የሚፈጥረው ሰበቃ ነው። ጥብቀቱ በቂ እስከሆነ ድረስ መንኮራኩሩ ጉድጓድ ሲመታ ብሎኑ ራሱ ብዙም አይሰማውም። ጥብቀቱ ካነሰ ግን ሁለቱ ብረቶች በፀጉር ስፋት ይንሸራተታሉ። ብሎኑ ወዲያ ወዲህ መታጠፍ ይጀምራል። ሽቦ በእጃችሁ ወዲያ ወዲህ አድርጋችሁ በጥሳችሁ ታውቃላችሁ አይደል? በአንድ ጊዜ ጉልበት የማትበጥሱትን ሽቦ ሃያ ጊዜ ብታመላልሱት ይበጠሳል። በሰዓት 60 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና ጎማ በሰከንድ ስምንት ጊዜ ያህል ይዞራል። እስቲ ከአዲስ አበባ ጎንደር ስንት ሰከንድ እንዳለ ቁጠሩ።

እና ለስላሳ ብሎን ላይ በቂ ጥብቀት ማሳደር አትችሉም። ለ10.9 የሚገባውን ጥብቀት ለስቴይንለሱ ብትሰጡት ይለጠጣል፤ ለእሱ የሚገባውን ብቻ ብትሰጡት መገጣጠሚያው ይንሸራተታል። በተለይ ሆት ሮዱ ላይ ያሉትን አራት ዘንጎች ተመልከቱ። በየጫፋቸው ጎሚኒ አለ፣ በጎሚኒው መሐል የብረት ቱቦ አለ፣ ብሎኑ በዚያ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ብሎኑ በደንብ ሲጠብቅ ሁለቱ የማሰሪያ ጆሮዎች ቱቦውን ጭምቅ አድርገው ይይዙታል፣ ቱቦው አይንቀሳቀስም፣ የሚጠማዘዘው ጎሚኒው ብቻ ነው፤ የተሠራውም ለዚያ ነው። ጥብቀቱ ካነሰ ቱቦው በብሎኑ ዙሪያ መዞር ይጀምራል። ከዚያ ብሎኑን ያርሰዋል፣ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ከውጭ ግን ያው መስታወት የመሰለው ራስ ያብለጨልጫል፤ ፎቶም ይነሳል።

ሌላው ጉድ ደግሞ መንከሱ ነው። ይኼን ጋራዥ የሠራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ስቴይንለስ ብሎንን በስቴይንለስ ዳዶ ስታጠብቁ ያ ስስ ሽፋን ጥርሱ ላይ ይፋቃል፣ ብረት ከብረት ይነካካል፣ ይነክሳል፤ ወይ ወደፊት ወይ ወደኋላ የለም፣ በመጋዝ መቁረጥ ብቻ ነው። ተቆርጦ የሚወጣው እንኳ ጥሩው ነው። ክፉው በከፊል የነከሰው ነው። ቁልፍ ስታዞሩ ከምታወጡት ጉልበት በግምት ግማሹ ራሱ ወይም ዳዶው ሥር ባለው ሰበቃ ያልቃል፤ 40 በመቶው ጥርሱ ውስጥ ያልቃል፤ ብሎኑን የሚስበው የቀረችው 10 በመቶ ናት። ጥርሱ መናከስ ከጀመረ ያቺ 10 በመቶም ትበላለች። ቶርክ ሬንቹ ግን ይኼን አያውቅም፤ የተሰጠው ቁጥር ላይ ሲደርስ «ጠቅ» ይላል። መካኒኩ ደስ ብሎት ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ብሎኑ ግን አልጠበቀም። «ቅባት እንቀባዋለን» ትሉኛላችሁ፤ ልክ ነው፣ ለስቴይንለስ የማይነክስ ቅባት የግድ ነው። ግን ቅባቱን ቀብታችሁ በደረቁ ሰንጠረዥ ካጠበቃችሁት ደግሞ ያንኑ ለስላሳ ብሎን ከልክ በላይ ትስቡታላችሁ።

ከሁሉ በላይ ያናደደኝን ገና አልተናገርኩም። ልጁ ብሎኖቹን ሲያስወለውል ራሳቸው ላይ ያለውን ምልክት ሁሉ በግራይንደር ፍቆታል። እዚያ አገር ብዙዎች ያደርጉታል፤ ለስላሳ ራስ ያምራል ይላሉ። እስቲ ስሙኝ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ገበያ ውስጥ የግሬድ 8 ምልክት የታተመባቸው፣ ግን ግሬድ 8 ያልሆኑ አስመስሎ የተሠሩ ብሎኖች ጎርፈው ገብተው ነበር። ነገሩ ኮንግረስ ድረስ ደርሶ በ1990 ስለ ብሎን ጥራት ብቻ የሚናገር ሕግ ወጣ። በብሎን ራስ ላይ ላሉ ጥቂት መስመሮች አንድ አገር ሕግ አወጣ! አንተ ደግሞ ለፎቶ ብለህ ትፍቀዋለህ። ነገ መኪናውን ብትሸጠው፣ የሚገዛው ሰው የያዘው ምን እንደሆነ በምን ያውቃል? ልጅህ ብትወርሰውስ? ራሱ የተፋቀ ብሎን እኔ ዘንድ የሚለካው በዝቅተኛው ነው፤ ማንም መካኒክ ከዚያ በላይ እምነት ሊሰጠው አይገባም።

«እሺ ስቴይንለሱ ይቅር፤ ጠንካራውን ብሎን ክሮም ላስነክረው» የሚል ብልጥ አይጠፋም። ይኼኛው የባሰ ነው። በአሲድ ማጠቢያውና በመንከሪያው ገንዳ ውስጥ ሃይድሮጂን ወደ ብረቱ ይገባል። ብረቱ በጣም ጠንካራ ከሆነ፣ በሮክዌል ሲ ከ39 አካባቢ በላይ ማለት ነው፣ ሃይድሮጂኑ ያሰባብረዋል። 12.9 የሚባለው ጥቁሩ የአሌን ብሎን ደግሞ ጥንካሬው ከ39 ነው የሚጀምረው። እንዲህ ያለ ብሎን ስታጠብቁት አይበጠስም። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ፣ ማንም ሳይነካው ራሱ ይረግፋል። ሥራውን የሚያውቅ ድርጅት ከነከረ በኋላ በ200 ዲግሪ አካባቢ ለብዙ ሰዓት ምድጃ ውስጥ ያቆየዋል፤ መከላከያ ፍሬም የሚነክር ሰፈር ያለ ኒኬል ቤት ግን ይኼን ያደርጋል ብላችሁ አትጠብቁ።

ለተከራካሪዎቼ ፍትሐዊ ልሁን። አንደኛው፣ ሥራውን የሚያውቅ ልጅ፣ «ኤ.አር.ፒ. የሚባለው ድርጅት የሚሠራው ስቴይንለስስ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ለውድድር መኪና ብሎን የሚሠራው ይኼ ድርጅት 170,000 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች የሚበጠስ ስቴይንለስ አለው፤ ግሬድ 8 የሚበጠሰው 150,000 ላይ ነው። ስለዚህ የማይዝግም የማይለጠጥም ብሎን በዓለም ላይ አለ። ግን ያ ሌላ ቅይጥ፣ ሌላ አሠራር፣ ሌላ ዋጋ ነው፤ ደግሞም የአምራቹ ስም ራሱ ላይ አለ። ሰውየው ያንን ገዝቶ፣ በርዝመቱ መርጦ፣ በአምራቹ ሰንጠረዥ አጥብቆ ቢገጥም እጁን እስማለሁ። የሕንፃ መሣሪያ መደብር ብሎን በዚያ ስም አይነግድ ነው የምለው። ኢንተርኔት ላይ «ሙሉ የፊት እግር ብሎን ኪት፣ ስቴይንለስ» ብለው በፕላስቲክ ከረጢት የሚሸጡት ደግሞ አሉ፤ የጥንካሬ ቁጥር አንድም ቦታ አይጽፉም። የማይጽፉት ቦታ ስላጡ እንዳይመስላችሁ።

ሁለተኛው ክርክር «አሥር ዓመት ነድቼዋለሁ፣ ምንም አልሆነም» የሚለው ነው። ይሆናል። መኪናው ቀላል ነው፣ ብዙ ቦታ ላይ ከሚያስፈልገው የወፈረ ብሎን ተገጥሟል፣ በዓመት የሚነዳው ጥቂት ነው። ይኼ ማለት ግን የመጀመሪያው ንድፍ አውጪ ለክፉ ቀን ያስቀመጠልህን ትርፍ እየበላህ ነው ማለት ነው። ድካም ደግሞ ደረሰኝ አይሰጥም።

ሦስተኛው «ግሬድ 8 ደረቅ ነው፣ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ለስላሳው ይሻላል፣ ይታጠፋል እንጂ አይበጠስም» የሚል ነው። ይኼን እዚህም እዚያም እሰማዋለሁ። ግሬድ 8 ከመበጠሱ በፊት ይለጠጣል፣ ይታጠፋልም፤ ልዩነቱ መታጠፍ የሚጀምረው ለስላሳው ከተበጠሰ በኋላ መሆኑ ነው። በመቆረጥም ቢሆን የብሎን አቅም ከሚበጠስበት 60 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ ጠንካራው እዚያም ይበልጣል።

ከጠንካራነቱ እኩል ደግሞ ርዝመቱን ተመልከቱ። ብሎን ጥርስ ያለውና ለስላሳ የሆነ ክፍል አለው። ሁለቱ ብረቶች የሚገናኙበት፣ መቀስ የሚሆኑበት ቦታ ላይ የሚያልፈው ለስላሳው ክፍል መሆን አለበት። እስከ ራሱ ድረስ ጥርስ የወጣለት ብሎን ለፊት እግር አይሆንም፤ እያንዳንዱ ጥርስ ሥር የተጀመረ ስንጥቅ በሉት። የውድድር መኪና መሐንዲሱ ካሮል ስሚዝ ስለ ብሎንና ዳዶ መጽሐፍ የጻፈው ሥራ ፈትቶ አይደለም። ሆት ሮድ ሠሪዎች የአውሮፕላን ብሎን የሚወዱትም ለዚህ ነው፤ 125,000 ፓውንድ ላይ የሚበጠስ ሲሆን፣ ለስላሳው ክፍል በኢንች አንድ ስምንተኛ አካባቢ ልዩነት እየተመረጠ ስለሚገኝ የምትፈልገውን ልክ ታገኛለህ።

አዳማ ጋራዥ ያላት የቀድሞ ተማሪዬ ከሁሉም የተሻለውን ጠየቀችኝ። «ቲቸር፣ ገባኝ፤ ታዲያ ዝገቱንስ ምን እናድርገው?» አለች። ትክክል። ዝገት ቀልድ አይደለም።

መልሱ ሽፋን ነው። 8.8 ወይም 10.9፣ በኢንች ለሚሠራ ግሬድ 5 ወይም ግሬድ 8፣ ዚንክ የተለበጠ። ዚንኩ ከብረቱ በፊት ራሱን ያስበላል፤ እሱ እስኪያልቅ ብረቱ አይነካም። ከተገኘ ደግሞ የዚንክ ቅንጣት ሽፋን የሚባለው አለ፣ አመድማ መልክ ያለው፤ አሲድና ኤሌክትሪክ ስለማይነካው የሃይድሮጂን ሥጋት የለበትም፣ ዝገትንም ከተራው ዚንክ በተሻለ ይችላል። አዳዲስ መኪኖች ሥር ተኝታችሁ ብታዩ ብዙው እሱ ነው። ከገጠማችሁ በኋላ ራሱንና የዳዶውን ጫፍ በአንቲረስት ቀለም ወይም በሰም ሸፍኑት። ልጄ፣ የሚያብለጨልጭ ካማረህ ራሱን የሚሸፍን የተወለወለ ቆብ ይሸጣል፤ ግጠምለት፣ ለፎቶ ይበቃል፣ ለማየትም ይነሳል። በተረፈ ያንተ አገር ክረምት ጨው ቢበተንበትም ያ መኪና ክረምቱን ጋራዥ ውስጥ ተሸፍኖ ነው የሚያሳልፈው። እዚህ ደግሞ አስፋልት ላይ ጨው የሚበትን የለም። ይኼ ሁሉ ጦርነት ከየትኛው ዝገት ጋር ነው? በየጥቂት ዓመቱ ስምንት ብሎን አውጥቶ አዲስ መግጠም እኮ ከአንድ ጎማ ያነሰ ወጪ ነው።

ዳዶውንም አትርሱ። ለ10.9 ብሎን 10 የሚል ምልክት ያለው ዳዶ፤ ከሱ ያነሰ ከገጠማችሁ ጥርሱ ይላጣል። ናይለን ያለው ዳዶ አንዴ ከተፈታ አይመለስም። መሪ ላይ ደግሞ ቀዳዳ ያለው ብሎን፣ ዘውድ የመሰለው ዳዶና ኮፒሊያ። ስታጠብቁ ከዳዶው እስከ ብረቱ የሚያልፍ አንድ መስመር በቀለም አስምሩ፤ መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው፣ ከሩቅ ይታያል። አዲስ አበባ ላላችሁ፦ ሶማሌ ተራ ስትገዙ ራሱ ላይ ምልክት የሌለውን ብሎን፣ ሻጩ ምንም ቢምልላችሁ፣ ለፊት እግር አትውሰዱ። ከምናለሽ ተራ የተፈታ አሮጌ ብሎን 10.9 ቢልም ተስቦ ሊሆን ስለሚችል ይቅርባችሁ።

ስቴይንለሶቹን ደግሞ አትጣሏቸው። ለፋኖስ መያዣው፣ ለታርጋው፣ ለባትሪው ማሰሪያ፣ ለራዲያተሩ ሽፋን ይሁኑ። እዚያ እንደ ልባቸው ያብለጭልጩ።

የቮልሶቹ ልጆች፤ አራቱን ብሎኖች መልሱና ሐሙስ ከሰዓት ኑ፣ አብረን ሄደን እንመርጣለን። አሜሪካ ያለኸው ልጄ፤ ቅዳሜ ኤግዚቢሽን እንዳለህ ሰምቻለሁ። ሁሉንም እስከዚያ መቀየር ካልቻልክ የመሪውን ክንድ የያዙትን፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት የሆኑትን ቀድመህ ቀይር፤ እሱ ሳይሆን መኪናዋን በተጎታች ውሰዳት። ሌሎቻችሁ «ይኼ ብሎን ይሆናል ወይ?» የምትሉ፣ የመኪናውን ፎቶ አትላኩልኝ፤ የብሎኑን ራስ አንስታችሁ ላኩልኝ።